ዥንጉርጉር ፕሪቬት በግቢ ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ማዶ ግቢ ያለው ቤት የገዙ ወይም የተከራዩ ወገኖች ስለዚህ ቁጥቋጦ ደጋግመው የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ዥንጉርጉር ፕሪቬት ምን ዓይነት ተክል ነው?

ፕሪቬት ወይራና ጠምበለል ካሉበት የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደብ ቁጥቋጦ ነው። ዥንጉርጉር የሚባለው የቅጠሉ መሃል አረንጓዴ ሆኖ ዙሪያው ነጭ፣ ክሬም ወይም ቢጫ የሆነው ነው። በሜይና በጁን ነጭ የአበባ ዘለላ ያወጣል፤ አበባው ካልተቆረጠ ከቁንዶ በርበሬ ከፍ የሚሉ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬዎች ይይዛል። ቶሎ ያድጋል፣ መቀስ አይፈራም፣ በዚህም የተነሳ ለአጥር ይመረጣል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንደኛው የቻይና ፕሪቬት ዥንጉርጉሩ ነው፤ ሲሸጥ ተክሉ ላይ በሚንጠለጠለው የስም ካርድ ላይ ሊጉስትረም ሳይነንሲ ‹ቫሪጋተም› ተብሎ ይጻፋል። ቅጠሉ ትንሽ፣ ዳርቻው ክሬም ነጭ ሲሆን ቅርንጫፎቹ ወደ ጎን ይረዝማሉ፤ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የሚታየው በአብዛኛው ይሄ ነው። ሁለተኛው ወርቃማው ፕሪቬት፣ ሊጉስትረም ኦቫሊፎልየም ‹ኦሬየም›፣ ዝርያው ከጃፓንና ከኮሪያ የመጣ ነው። ቅጠሉ ሰፋ ይላል፣ ዳርቻውም ደማቅ ቢጫ ነው። በለንደን ቤቶች ፊት ለፊት ተከርክሞ የሚታየው አረንጓዴ አጥር የዚህ የሁለተኛው ወንድም ነው። የትኛውን እንደያዙ ማወቅ ከታች ላሉት መልሶች ሁሉ ስለሚያስፈልግ ካርዱን አይጣሉ።

አዲስ አበባ መንገድ ዳር ያለው ቢጫ አጥር እሱ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። በከተሞቻችን የመንገድ አካፋይና በሆቴል ግቢ ተከርክሞ የሚታየው ቢጫ ቅጠል በአብዛኛው ዱራንታ ነው፤ የቅርብ ዝምድናም የላቸውም። መለያው ቀላል ነው፤ የዱራንታ አበባ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ፣ ፍሬውም ብርቱካንማ ነው፤ የፕሪቬት አበባ ነጭ፣ ፍሬው ጥቁር ነው። ዱራንታ ውርጭ አይችልም። አገር ቤት የለመዱትን አጥር ፍለጋ ሜሪላንድ ውስጥ ዱራንታ ቢተክሉ የመጀመሪያው ክረምት ይወስድብዎታል።

የምኖርበት ከተማ ብርድ አይገድለውም?

አሜሪካ ውስጥ ከሆኑ የአገሪቱ የግብርና ሚኒስቴር ባወጣው የብርድ ካርታ ላይ የሰፈርዎን ዚፕ ኮድ ያስገቡና የዞን ቁጥርዎን ይወቁ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርዱ ይበረታል። ዥንጉርጉሩ የቻይና ፕሪቬት ከዞን 7 ጀምሮ ይመቸዋል። አትላንታ፣ አሌክሳንድሪያና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሲያትልም ያለ ችግር ያበቅሉታል። ወርቃማው ብርድን የተሻለ ይቋቋማል፤ ዴንቨር አካባቢ ከነፋስ ከለላ ባለበት ቦታ ይሞከራል። ሚኒያፖሊስ ላይ ግን ሁለቱንም አልመክርም።

በዲሴምበር ቅጠሉ ቢረግፍ ሞተ ብለው አይንቀሉት። ፕሪቬት ክረምቱ ሲለዝብ ቅጠሉን ይዞ ይከርማል፤ ሲከፋ ግማሹን ወይም ሁሉንም ያራግፍና በማርች መጨረሻ እንደገና ያወጣል። በጥፍርዎ የቅርንጫፉን ልጥ ጫር ያድርጉት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ከታየ በሕይወት አለ።

ፀሐይ ነው ጥላ የሚሻለው?

ፀሐይ። የቅጠሉ ቀለም የሚደምቀው በቀን ቢያንስ 5 ወይም 6 ሰዓት ቀጥተኛ ብርሃን ሲያገኝ ነው። ጥላ ውስጥም ይኖራል፣ ግን ቢጫው ወደ ሎሚ አረንጓዴ ይደበዝዛል፣ ቅርንጫፉም እየሳሳ ይሄዳል። እንደ ላስ ቬጋስ ባለ ሐሩር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከግድግዳ የሚመለስ ሙቀት ነጩን ዳርቻ ያቃጥለዋል። እዚያ የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ የሚያገኝበትን ጎን ይምረጡ።

መቼና እንዴት ልትከለው?

ከደቡብ ግዛቶች እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ድረስ ምርጡ ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ መሬቱ ገና ሙቀት ስላለው ሥሩ ክረምቱን በሙሉ ሲሠራ ይከርማል። ብርድ በሚበረታበት አካባቢ ኤፕሪል ይሻላል። በጁላይ መትከል አይከለከልም፣ ግን ውሃ ማጠጣቱን ራስዎ ላይ ሥራ አድርገው ይውሰዱት። አሜሪካ ውስጥ አጥር ሙሉ ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት 811 ይደውሉ፤ በነፃ መጥተው የተቀበረ ጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር የት እንዳለ ምልክት ያደርጉልዎታል።

ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ፣ ማለትም ሥሩ ከያዘው አፈር ጋር ካለው ድብልብል፣ ሁለት እጥፍ ይስፋ እንጂ አይጥለቅ። የኳሱ አናት ከመሬቱ ጋር እኩል ወይም ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በተለይ የጆርጂያ ቀይ ሸክላ አፈር ላይ ይሄ ወሳኝ ነው። ሸክላ ውሃ ይይዛል፤ ጠልቆ የተተከለ ፕሪቬት ደግሞ ሥሩ ይታፈናል። ጉድጓዱን ብቻ በተገዛ ጥሩ አፈር መሙላትም አይጠቅምም፤ ሥሩ ከምቹው አፈር አልወጣም ብሎ እዚያው ይጠመጠማል። የቆፈሩትን አፈር መልሰው ይጠቀሙ፣ ኮምፖስት ካለዎት ከላይ ይበትኑ። ሥሩ በፖቱ ቅርጽ ተጠምጥሞ ከመጣ ከመትከልዎ በፊት በእጅዎ ይፍቱት ወይም ጎን ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ያድርጉት።

ለአጥር ወርቃማውን ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ የቻይናውን ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር አራርቀው ይትከሉ። ከጎረቤት ወሰን ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቁ። ተክሉ ወደ ጎንም ያድጋል፤ በመጨረሻ የአጥሩን ጀርባ ለመከርከም የሰው ግቢ መግባት ግድ ሊሆን ነው። የቤት ባለንብረቶች ማኅበር ያለበት ሰፈር ከሆነ ስለ አጥር ቁመት ያለውን ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ።

ውሃና ማዳበሪያስ?

የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንዴ፣ ሲያቃጥል ሁለቴ፣ ሥሩ ድረስ እስኪርስ ያጠጡት፤ በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርጠብ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ድርቅ ካልጠና ዝናብ ይበቃዋል። ማዳበሪያ ብዙም አይፈልግም፤ በማርች አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ከሰጡት በቂ ነው። ጉዝጓዝ ሲያለብሱት ግንዱን አያስነኩት።

አፓርትመንት ነው የምኖረው፤ በፖት ይሆናል?

ይሆናል። ወርዱ ከ40 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ፖት ይያዙ። በፖት ውስጥ ሥሩ ለብርድ ስለሚጋለጥ መሬት ላይ ካለው ይልቅ አንድ ዞን ያህል ይሳሳል፤ ክረምት ላይ ፖቱን ወደ ግድግዳ አስጠግተው ያክርሙት። በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ አውጥተው ሥሩን ዙሪያውን ይከርክሙለትና አፈሩን ይቀይሩ። እንዲያውም ለዚህ ተክል ፖት መልካም ቦታ ነው እላለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስለ ወራሪነቱ የሚለው ጥያቄ ላይ ይገባዎታል።

መቼ ይከረከማል?

አጥር ከሆነ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ዋናው ግን አበባው ሊፈነዳ ሲል ወይም እንደረገፈ፣ ማለትም በሜይና በጁን የሚደረገው ነው፤ ያኔ የተከረከመ ፕሪቬት ፍሬ አይይዝም። ሌላውን በኦገስት ያድርጉት። ከሴፕቴምበር በኋላ አይንኩት፤ አዲስ የወጣው ለስላሳ ቀንበጥ ውርጭ ይመታዋል። እንግሊዝ ውስጥ ከማርች እስከ ኦገስት ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ወቅት ነው፤ የተያዘ ጎጆ ሆን ብሎ ማፍረስ በ1981 በወጣው የዱር እንስሳት ሕግ ያስጠይቃል፤ መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ይዩ።

ቅርጹ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ይሁን። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ አናቱ ይሰፋና የታችኛው ፀሐይ አጥቶ ይራቆታል። አዲስ ለተተከለ አጥር ደግሞ መጨከን ያስፈልጋል፤ ሲተከል በሲሶ ያህል ዝቅ ተደርጎ ካልተቆረጠ ከታች ጀምሮ አይደፈንም።

ዥንጉርጉር ሆኖ ተገዝቶ አሁን መሃሉ ላይ ሙሉ አረንጓዴ ቅርንጫፍ አወጣ። ታሞ ነው?

አልታመመም፤ ወደ ጥንተ ተፈጥሮው እየተመለሰ ነው። ዥንጉርጉር ቅጠል ሁለት ዓይነት ህዋሳት ጎን ለጎን የሚኖሩበት ነው፦ መሃል ላይ ክሎሮፊል የሞላቸው፣ ዳር ላይ ደግሞ ክሎሮፊል የሌላቸው ወይም ጥቂት ብቻ ያላቸው። አንዳንዴ አንድ እምቡጥ ከአረንጓዴዎቹ ብቻ ይነሳል። ከዚያ የሚወጣው ቅርንጫፍ ምግቡን በሙሉ ቅጠሉ ስለሚሠራ ከወንድሞቹ ይልቅ ፈጥኖ ይረዝማል። ዝም ካሉት ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ የተወደደ ነጭ ቅጠል በአረንጓዴ ተውጦ ከሥር ብቻ ይቀራል። የቻይናው ፕሪቬት በዚህ አመሉ የታወቀ ነው፤ ወርቃማውም ያደርገዋል።

መድኃኒቱ መቁረጥ ነው፣ ግን አቆራረጡ አለው። ጫፉን ብቻ ካጠፉት ከቀረው ጉቶ ሁለትና ሦስት አረንጓዴ ይወጣል። ቅርንጫፉን በጣትዎ ተከትለው ወደ ውስጥ ይግቡ፣ ዥንጉርጉር ቅጠል ካለው እንጨት ጋር እስከተጣበቀበት ድረስ ይሂዱና እዚያ ይቁረጡት። ከሥር የበቀለ አረንጓዴ ከሆነ አፈሩን ገለጥ አድርገው ከመነሻው ይገንጥሉት። ሥራው በአጥር መከርከሚያ ማሽን አይሠራም፤ ማሽኑ አረንጓዴውንና ዥንጉርጉሩን እኩል አስተካክሎ ስለሚደብቀው ነገሩን ያባብሰዋል። በወር አንዴ በእጅ መቀስ መዞር ይበቃል፣ በተለይ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ።

ሙሉ ነጭ ወይም ሙሉ ቢጫ ቀንበጥም ይወጣል። ያምራል፣ ግን ራሱን መመገብ ስለማይችል በሌላው ጫንቃ ነው የሚኖረው፤ ፀሐይም ቶሎ ይጠብሰዋል። እሱን ማንሳት እንደ ምርጫዎ ነው።

ቅጠሉ ነጠብጣብ አወጣ፣ ሌላው ደግሞ ብርማ ሆነ። ምን መታው?

ቡናማ ክብ ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ ሰርኮስፖራ የሚባል ፈንገስ ነው፤ ቅጠል ሲረጥብና አየር ሲታፈን ይመጣል። የረገፈውን ቅጠል ሰብስበው ይጣሉ፣ መሃሉን አሳስተው አየር ያስገቡ፣ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥር ያጠጡ። ብርማ ወይም ግራጫ ሆኖ የደበዘዘ ቅጠል ደግሞ ትሪፕስ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት የመጠጡት ነው። ክሽክሽና ነጭ ዝንብም ይወዱታል፤ ለእነዚህ ብርቱ የውሃ ጅረት፣ ካልሆነም ለተባይ የተዘጋጀ ሳሙና ይበቃል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። አንድ ቁጥቋጦ በበጋ ድንገት ከነቅጠሉ ጠውልጎ ሞቶ ቀጥሎ ጎረቤቱ ከደረቀ፣ ልጡን ከሥር ላጥ አድርገው ይዩ፤ ከሥሩ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ነጭ ሽፋን ካለ አርሚላሪያ የሚባለው የሥር ፈንገስ ነው። ፕሪቬት ለእርሱ በጣም ተጋላጭ ነው። የሚረጭ መድኃኒት የለውም፤ የሞተውን ከነሥሩ ማውጣትና እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ፕሪቬት አለመትከል ነው።

ፍሬው ይበላል? ለልጆችና ለውሻስ?

አይበላም፣ መርዛማ ነው። ፍሬው ዋናው ቢሆንም ቅጠሉም አይቀመስም። ማስመለስ፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ያመጣል፤ ውሻንም ፈረስንም ይጎዳል። ጥቁርና አንጸባራቂ ስለሆነ ትንሽ ልጅ እጁን ይልካል። ልጅ ከበላ እስኪያመው አይጠብቁ፤ አሜሪካ ውስጥ 1-800-222-1222 የመርዝ መቆጣጠሪያ መስመር ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን በቀጥታ 911 ነው።

ትናንሽ ልጆች ያሉበት ግቢ ቢሆን እኔ ፍሬ የማይይዘውን እመርጣለሁ። ‹ሰንሻይን› የሚባለው የቻይና ፕሪቬት አያብብም፣ ስለዚህ አያፈራም። ዥንጉርጉር ሳይሆን ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ወርቃማ ቢጫ ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ግቢውን የሚያደምቀው እኩል ነው።

አበባው ሲወጣ ያስነጥሰኛል። ከእሱ ነው?

ሊሆን ይችላል። የፕሪቬት ሽታ ብርቱ ነው፤ አንዱን ያስደስታል፣ ሌላውን ራስ ያሳምማል። ብናኙም አለርጂና አስም ያለበትን ሰው ይቀሰቅሳል። አበባው ሳይፈነዳ በሜይ ከከረከሙት ሽታውም ብናኙም ፍሬውም አብረው ይቀራሉ። መኝታ ቤት መስኮት ሥር ግን መጀመሪያውኑ አይትከሉት።

ከአንዱ ብዙ ማባዛት ይቻላል? ዘሩን ብዘራስ?

ዘሩን ቢዘሩ የሚበቅለው ተራ አረንጓዴ ፕሪቬት ነው፤ ዥንጉርጉርነቱ በዘር አይተላለፍም። የሚተላለፈው በቅርንጫፍ ቁራጭ ነው። በጁላይ ወይም ኦገስት፣ የዘንድሮው ቀንበጥ ከሥሩ ጠንከር ሲል፣ ጥርት ያለ ዥንጉርጉር ቅጠል ካለው ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። የታችኛውን ቅጠል አራግፈው አሸዋ በተቀላቀለበት እርጥብ አፈር ይሰኩት፣ በላስቲክ ከልለው ጥላ ያስቀምጡት። ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። ሥር ቆርጦ ማባዛት አይሆንም፣ ከሥር የሚወጣው አረንጓዴ ሊሆን ይችላልና። ገዝተው ከሆነ ደግሞ ካርዱን ይዩ፤ ‹ሰንሻይን›ን የመሰሉ ዝርያዎች የባለቤትነት መብት ስላላቸው ማባዛት አይፈቀድም።

ወራሪ አረም ነው ይሉታል። ዥንጉርጉሩም ይወርራል?

የቻይና ፕሪቬት ወደ አሜሪካ የገባው በ1852 ለጌጥ ነበር። ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ ግዛቶች ወንዝ ዳሩን ሞልቶት ይገኛል፤ አትላንታ ውስጥ የትኛውም የእግር መንገድ ላይ በክረምት ሁሉም ዛፍ ሲራቆት አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የታችኛው ጥሻ በአብዛኛው እሱ ነው። ፍሬውን ወፍ ይበላና ጫካ ይጥለዋል፤ እዚያ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ የአገሩን ችግኝ ብርሃን ይከለክለዋል። ጆርጂያ ውስጥ በኦኮኒ ወንዝ ዳር የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪዎች ፕሪቬቱን ባነሱበት ቦታ ንቦችና ቢራቢሮዎች በዝተው ተመልሰዋል። እንደ ጣናው እምቦጭ፣ ለውበቱ ተወድዶ ከአገሩ የወጣ ነው። በአውስትራሊያም በደቡብ አፍሪካም በወራሪነት ተመዝግቧል።

ዥንጉርጉሩስ? ሻጮች «እሱ አይወርርም» ይላሉ። እውነቱ መሃል ነው፤ ከአረንጓዴው ያነሰ ጉልበት አለው፣ ፍሬውም ያንሳል። ግን ያፈራል፣ ከፍሬውም የሚበቅለው አረንጓዴው ወራሪ ነው። ወደ አረንጓዴ ሲመለስ ደግሞ ያ ቅርንጫፍ የበለጠ ያፈራል። ስለዚህ ነገሩ በባለቤቱ ትጋት ላይ የቆመ ነው። በየዓመቱ ሳይሰለቹ ከአበባ በፊት የሚከረክሙና አረንጓዴውን የሚያነሱ ከሆነ ጎረቤትዎን አይጎዱም፤ ፖትን መልካም ቦታ ያልኩት እዚያ ይህን መከታተል ስለሚቀል ነው። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው፣ ወይም ቤቱን ለተከራይ ሰጥቶ የሚሄድ፣ ወይም ግቢው ከጫካና ከወንዝ የሚዋሰን ባይተክለው ይሻላል። ለእነዚህ ሰዎች ‹ሰንሻይን›ን፣ ወይም ‹ካሌይዶስኮፕ› የሚባለውን ዥንጉርጉር የአቤሊያ ቁጥቋጦ፣ ወይም ‹ጎሺኪ› የሚባለውን የኦስማንተስ ቁጥቋጦ እመክራለሁ። በእንግሊዝ ወርቃማው ያን ያህል ስጋት ተደርጎ አይታይም።

ሽያጩን ወይም ተከላውን የሚመለከተው ሕግ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በካውንቲዎ ያለው የግብርና ኤክስቴንሽን ቢሮ ስልክ ሲደወልለት ይነግርዎታል፤ አገልግሎቱ ለሁሉም ነዋሪ ነው።

የገዛነው ቤት ያረጀ ፕሪቬት አለው። ልናድሰው ወይስ ልናጠፋው?

ዥንጉርጉሩ ገና የሚበዛ ከሆነ ይታደሳል። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ትተው ይቁረጡት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ይመለሳል። ከእንዲህ ያለ ቆረጣ በኋላ ግን አረንጓዴ ቀንበጥ በብዛት ሊወጣ ስለሚችል የዚያን ዓመት ክትትል አይዘንጉ። ከግማሽ በላይ አረንጓዴ ከሆነ ማጥፋቱ ይቀላል።

ለማጥፋት መቁረጥ ብቻውን አይረዳም፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ከቻሉ ከነሥሩ ይንቀሉት። ካልቻሉ በኖቬምበር ቆርጠው ወዲያውኑ፣ ጉቶው ሳይደርቅ፣ ግላይፎሴት ያለበትን ፀረ አረም ማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በብሩሽ ይቀቡት። ትናንሾቹን ከዝናብ በኋላ በእጅ መንቀል ይበቃል። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት አይቆይም፤ ተከታታይ ሁለት ዓመት ከነቀሉ ይመናመናል። ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ ጓሮ ኮምፖስት ውስጥ አይጣሉት፣ በከረጢት አስረው ያውጡት።

ለእናቴ ግቢ ወደ ኢትዮጵያ ይዤ ልሂድ?

ዘሩ ዥንጉርጉር ስለማይሆን መያዙ ትርፍ የለውም፤ ቁራጭና ችግኝ ደግሞ ያለ ማስገቢያ ፈቃድና ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት አይገባም። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ደጋማው የአገራችን አየር ለፕሪቬት እጅግ የተመቸ ነው፤ ፍሬውን የሚበላ ወፍ እንደሆነ ሞልቷል። ለእናትዎ ግቢ ቢጫ ቅጠል ከፈለጉ አዲስ አበባ ያሉ ችግኝ ሻጮች ዘንድ ዱራንታ በቅርብ ይገኛል፤ የእሱም ፍሬ ስለማይበላ እየተከረከመ ይያዝ።